በሃርለም ኮረብታ ላይ
መምህራን የተማሪን ስሕተት ማንበብ የተማሩበት ኮሌጅ

አንባቢ ሆይ፥ ስለ ኒው ዮርክ ከተማ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ስለ ሰማይ ጠቀስ ፎቆቿ፥ ስለ ነፃነት ሐውልቷና ሌሊቱን ሙሉ ስለማይጠፋው መብራቷ ነው። እኔም እንደ ማንኛውም እንግዳ እነዚህን ሁሉ አይቻለሁ፤ አንገቴ እስኪደክም ድረስ ሽቅብ ተመልክቻለሁ። ዛሬ ግን ልወስድዎ የምፈልገው አገር ጐብኚ ወደማይበዛበት ስፍራ ነው። የምንሄደው ሃርለም ከሚባለው ሰፈር በላይ፥ በኮረብታ ላይ ወደ ተሠራ አንድ ኮሌጅ ሲሆን፥ እዚያ የምናየውም ወርቅ ወይም ሐውልት ሳይሆን በስሕተት የተሞላ የተማሪ ድርሰት ነው። ተማሪ ከሆኑ፥ ወይም በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያረቁ ከሆነ፥ በቀይ ቀለም ተከብቦ የተመለሰልዎ ወረቀት ሳይኖር አይቀርምና፥ ጉዞው ከእርስዎ ጉዳይ የራቀ አይደለም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውስ።

ከባቡሩ እስከ ኮረብታው

በመሬት ውስጥ በሚሄደው ባቡር ተሳፍረው ከከተማው መካከል ወደ ሰሜን ይጓዙ፤ በ135ኛው መንገድም ይውረዱ። ደረጃውን ወጥተው ብርሃን ሲያዩ የቆሙት ሌኖክስ በሚባለው ሰፊ ጎዳና ላይ ነው፤ ዛሬ የማልኮም ኤክስ ስምም ተሰጥቶታል። ሕንፃዎቹ እንደ መሐል ከተማው አያስፈራሩም። ከቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ከጎረቤቱ ጋራ የሚጫወተው ሽማግሌ፥ ልጇን እጁን ይዛ የምትጎትተው እናት፥ በመንገድ ዳር ዕጣንና ሽቶ ዘርግቶ የሚሸጠው ምዕራብ አፍሪቃዊ፥ ሁሉም የሰፈር ሰው ይመስላሉ። እንግዳ ሰላም ቢል ሰላምታው ይመለስለታል።

ወደ ኮረብታው ከመውጣታችን በፊት ሦስት መንገድ ወደ ሰሜን እንራመድ። በ138ኛው መንገድ ላይ የኛን አገር ስም የያዘ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ይባላል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1808 ነው። ጥቍር ምእመናን ከነጮች ተለይተው እንዲቀመጡ ስለ ተገደዱ፥ ያን ቤት ትተው ወጥተው የራሳቸውን ጸሎት ቤት አቆሙ፤ ስሙንም ከጥንቷ የአፍሪቃ ክርስቲያን አገር ወሰዱ። አሁን የሚታየው የድንጋይ ሕንፃ በ1923 የተሠራ ሲሆን፥ በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን በጐበኙ ጊዜ በዚህ ቤት ተገኝተው ነበር። ኢትዮጵያዊ መንገደኛ በዚህ በር ፊት ጥቂት ሳይቆም አያልፍም። ወንበር የተከለከለ ሰው የራሱን ቤት መሥራቱን ግን በልቡናዎ ይያዙልኝ፤ በኮረብታው ላይ የምንሰማው ታሪክም ስለ ተከለከለ ወንበር ነው።

አሁን ፊታችንን ወደ ምዕራብ እናዙር። ሁለት ሰፋፊ ጎዳናዎች ከተሻገርን በኋላ መሬቱ በድንገት ይነሣል። ቅዱስ ኒኮላስ የሚባለው መናፈሻ በገደሉ ላይ ተለጥፏል፤ መውጫው የድንጋይ ደረጃ ነው። እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ደረጃ አይፈራውም፤ ሆኖም እስትንፋስዎን ለመሰብሰብ ቆም ካሉ በዛፎቹ መካከል አንድ ቢጫ የእንጨት ቤት ያያሉ። በአሥር ዶላር ኖት ላይ መልኩ የተሳለው አሌክሳንደር ሃሚልተን በ1802 ያሠራው ቤት ነው። ሃሚልተን ኔቪስ በምትባል በካሪቢያን ደሴት የተወለደ ወላጅ አልባ ልጅ ነበር። በጽሕፈት ችሎታው ታውቆ ወደ ኒው ዮርክ ተላከ፤ በኋላም የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ለመሆን በቃ። ጽሕፈት ሰውን የት እንደሚያደርስ የሚመሰክር ቤት በመንገዳችን ላይ መገኘቱ መልካም አጋጣሚ ነው።

የድሆች ግንብ

ከደረጃው ጫፍ ሲደርሱ ጥቍር ድንጋይና ነጭ የሸክላ ጌጥ ያለው ግንብ ይቀበልዎታል። ይህ የኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ነው። የዋናው ሕንፃ ስም ሼፐርድ ሆል ሲሆን፥ ንድፉን ያወጣው ጆርጅ ፖስት የሚባል መሐንዲስ ነው። ኮሌጁ ከመሐል ከተማ ወደዚህ ኮረብታ የተዛወረው በ1907 ነው፤ ጥቍሩም ድንጋይ ከዚያው ከማንሃታን መሬት የተቈፈረ ነው። ሾጣጣ መስኮቶቹንና ማማዎቹን ያየ ሰው የመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ወይም ገዳም ይመስለዋል። ነገር ግን ለመሳፍንት ልጆች አልተሠራም።

በ1847 የከተማው ነዋሪዎች ድምፃቸውን ሰጥተው፥ ድሀው ልጅ ያለ ክፍያ ከፍተኛ ትምህርት የሚማርበት ቤት እንዲቋቋም ወሰኑ። ሐሳቡን ያቀረበው ታውንሴንድ ሃሪስ የተባለ ነጋዴ ነበር። ስሙም «ነፃ አካዳሚ» ተባለ፤ በ1849 በሩን ከፈተ። ከጊዜ በኋላም ከምሥራቅ አውሮፓ በስደት የመጡ የልብስ ሰፊዎችና የጫማ ሠሪዎች ልጆች፥ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በኮታ ሲመልሷቸው፥ በዚህ ቤት ያለ ክፍያ ተማሩ። የፖሊዮን ክትባት ያገኘው ጆናስ ሶልክ በ1934 ከዚሁ የወጣ ነው። ከተመራቂዎቹም መካከል የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ጥቂቶች አይደሉም።

ነገር ግን አንባቢዬ፥ ወደ ኋላዎ መለስ ብለው ወደ ታች ይመልከቱ። ከግንቡ ሥር የተዘረጋው ሃርለም ነው። በ1960ዎቹ ውስጥ ክፍያ ባይኖርም የመግቢያው ነጥብ ከፍ እያለ ስለ ሄደ፥ በግንቡ ጥላ ሥር ያደጉት የጥቍሮችና የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ልጆች ወደ ውስጥ የሚገቡት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ደረጃው ለሁሉም ክፍት ነበር፤ በሩ ግን አልነበረም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጥቂት ተማሪዎችን በልዩ እርዳታ የሚያስገባ ሲክ የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። በሚያዝያ 1969 ጥቍሮችና ፖርቶ ሪካውያን ተማሪዎች የኮሌጁን ደቡባዊ ግቢ በር ዘግተው ሁለት ሳምንት ያህል ያዙት፤ የኮሌጁ ተማሪ የከተማውን ሕዝብ እንዲመስል ጠየቁ። ከብዙ ክርክር በኋላም፥ ለ1975 ታስቦ የነበረው ዕቅድ ተቀድሞ፥ በ1970 መከር ላይ የከተማው ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ የከተማው ተማሪ ሁሉ ከኮሌጆቹ በአንዱ ቦታ እንዲያገኝ አደረገ።

አራት ሺህ ወረቀት

በር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ የገባውን ማስተማር ሌላ ነው። አዲሶቹ ተማሪዎች በገቡ ጊዜ የጽሕፈት ፈተና ተሰጣቸው። መምህራኑ ወረቀቶቹን ሲያነቡ ደነገጡ። ዐረፍተ ነገሩ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ፥ ፊደሉ የተዘበራረቀ፥ ግሡ ከባለቤቱ ጋራ የማይስማማ ጽሕፈት ነበር። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ «እነዚህ ለኮሌጅ አልተፈጠሩም» አሉ። እነርሱ የሠለጠኑት ትልልቅ ባለቅኔዎችን ለመተንተን እንጂ፥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት አንድ ገጽ መጻፍ የሚያስጨንቀውን ሰው ለማስተማር አልነበረም። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤትም አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ከመምህራኑ መካከል ሚና ሾነሲ የሚባሉ ሴት ነበሩ። በ1924 ሳውዝ ዳኮታ በሚባለው ክፍል ሊድ በምትባል የማዕድን ማውጫ ከተማ ተወልደው፥ በ1967 ወደዚህ ኮሌጅ የመጡ ናቸው። የዶክትርና ማዕረግ አልነበራቸውም። እኚህ ሴት ወረቀቶቹን እንደ ሌሎቹ አይተው ወደ ጎን አላደረጓቸውም፤ ደጋግመው ያነቧቸው ጀመር። ከ1970 እስከ 1974 የተጻፉ ወደ 4,000 የሚጠጉ የፈተና ድርሰቶች መረመሩ። ስሕተቱን በዓይነት በዓይነቱ ለዩት፤ የእጅ ጽሕፈቱንና ነጥቡን፥ የዐረፍተ ነገሩን አሠራር፥ የፊደል አጻጻፉን፥ የቃላቱን ሀብት ለየብቻ አዩ።

ያገኙትም ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ መምህራንን ሥራ ለወጠ። ስሕተቱ እንደ ዝናብ እንደዚያው በየቦታው የወደቀ አልነበረም። ሥርዓት ነበረው። አንዱ ተማሪ አንዱን ስሕተት በአንድ ዓይነት ስፍራ፥ በአንድ ዓይነት ምክንያት ይደጋግማል። ተማሪው ሰነፍ ወይም ደደብ ስለሆነ አይደለም፤ በአእምሮው ውስጥ አንድ ሕግ አለ፥ በዚያም ሕግ ይሠራል፤ ሕጉ ብቻ የመጽሐፉ ሕግ አይደለም። እንግዲህ መምህሩ ያን የተደበቀ ሕግ ካላወቀ፥ ምንም ያህል ቀይ ቀለም ቢያፈስ ተማሪውን አያገኘውም።

ሾነሲ ይህን ጥናታቸውን በ1977 መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። ከዚያ በፊት በ1975 ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋራ ለዚሁ ሙያ የሚሆን መጽሔት መሥርተው ነበር። በ1976 በጻፉት አንድ ጽሑፍ ደግሞ ዐይናቸውን ከተማሪው ወደ መምህሩ መለሱት። መምህሩ በመጀመሪያ ራሱን እንደ ግንብ ጠባቂ ይቈጥራል፤ የማይገባው ሰው እንዳይገባ ዘብ ይቆማል። ቀጥሎ ተማሪውን ባዶ ዕቃ አድርጎ እውቀት ሊሞላበት ይሞክራል። ቈይቶ የተማሪውን አሠራርና የራሱን ትምህርት በጥንቃቄ መመርመር ይጀምራል። በመጨረሻም መማር ያለበት ራሱ መሆኑን ተረድቶ ወደ ጥልቁ ይገባል። እኚህ ሴት መጽሐፋቸው በወጣ በዓመቱ፥ በ1978፥ በካንሰር በሽታ ዐረፉ።

አንድ ምሽት በክፍል ውስጥ

በዚህ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ክፍል ለጽሕፈት መምህራን የሚሆን የቋንቋና የንባብ-ጽሕፈት የማስተርስ ትምህርት የተደራጀው ከዚህ ሁሉ ታሪክ በኋላ ነው። መምህር ተማሪ ሆኖ የሚገባበት ትምህርት መሆኑ ነው። ቀን ሲያስተምሩ ውለው ማታ ለመማር የሚመጡ ስለሚበዙ፥ እኔም የተጋበዝሁት በምሽት ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ከዐሥራ አምስት የማይበልጡ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ከስደተኞች ጋራ የሚሠራ፥ ሁለተኛዋ በእስር ቤት ንባብ የምታስተምር፥ ሦስተኛው ጡረታው የደረሰ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። መምህሪቱ ገቡና አንድ ገጽ ወረቀት ለሁላችን አደሉ፤ ከዚያም «እስክሪብቶአችሁን አስቀምጡ» አሉ። መምህር እርማት ሲሰጠው እጁ ወዲያው ወደ ቀለሙ እንደሚሄድ ያውቃሉ ማለት ነው።

ወረቀቱን የጻፈችው ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣች፥ ሌሊት ቢሮ የምታጸዳ ሴት ናት። ስሟ ተሰርዟል። ኒው ዮርክ የገባችበትን የመጀመሪያውን ጧት ትገልጻለች። እንግሊዝኛዋን በኛ ፊደል ብጽፈው እንዲህ ያለ ነው፤ «ኢዝ ኮልድ። ኢዝ ሬይኒንግ። ማይ ሲስተር ኢዝ ዌይቲንግ።» ከፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት መምህር «ቸኩላ ነው፤ ባለቤቱን ዘልላዋለች» አለ። መምህሪቱም «ስንት ጊዜ ዘለለችው? የት የት ዘለለችው? የት የት አልዘለለችውም?» ብለው ጠየቁ።

ቈጠርን። ባለቤቱ ሰው በሆነበት ስፍራ ሁሉ አልዘለለችም። የአየሩን ጠባይ ስትናገር ግን፥ በእንግሊዝኛ «ኢት» የምትባለው ትንሽ ቃል በምትገባበት፥ ሁልጊዜ ዘልላታለች። ቸኩላ ቢሆን ኖሮ አንዳንዴ ትዘልላለች፥ አንዳንዴ ትጽፋለች። እስጳንኛ የምትናገር አንዲት መምህርት እጇን አውጥታ ምክንያቱን ተናገረች፤ በእስጳንኛ ዝናብ ሲዘንብ «ኢት» የሚባል ባለቤት የለም፤ ግሡ ብቻውን ይበቃዋል።

ይህን ጊዜ እኔ እንግዳው መናገር ፈለግሁ። በአማርኛም «ይዘንባል» ስንል አንድ ቃል ብቻ እንደ ሆነ፥ እርሱም ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንደሚባል፥ ባለቤቱም በግሡ መጀመሪያ ላይ እንደ ተሸከመ ነገርኋቸው። ጡረታው የደረሰው መምህር ተገርሞ «እኛ ሦስት ቃል የምናወጣበትን እናንተ በአንድ ትጨርሱታላችሁ?» አለና ሁሉም ሳቁ። መምህሪቱ ግን በጥቍሩ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ጻፉ። ጸሐፊዋ ለመናገር የፈለገችው ምንድን ነው? የሚደጋገመው ስሕተት የትኛው ነው? ይህን ስሕተት የሚወልደው በልቧ ያለው ሕግ ምንድን ነው? ከዚያም «ነገ ጧት አንድ ነገር ብቻ ብታስተምሯት የትኛውን ትመርጣላችሁ?» አሉ። አንድ ነገር ብቻ! እኔ በመምህርነቴ ዘመን በአንድ ወረቀት ላይ ዐሥራ ሰባት ነገር አስተምሬአለሁ።

አምስት አህያ

ዐሥራ ሰባት ያልሁት በግምት አይደለም። በወጣትነቴ በወሎ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከገጠር በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ ነበረኝ። ስለ ቅዳሜ ገበያ ሁለት ገጽ ሙሉ ድርሰት ጽፎ አመጣልኝ። «ፋይቭ ዶንኪ» ብሎ ጽፏል፤ «ቴን ቦይ» ብሏል፤ «ዘ ፒፕል ኢዝ ካሚንግ» ብሏል። እያንዳንዱን በቀይ ከበብሁና ቈጠርሁት፤ ዐሥራ ሰባት ሆነ። ከሥሩም «ተጠንቀቅ!» ብዬ ጻፍሁ።

በዚያች ምሽት በሃርለም ኮረብታ ላይ ተቀምጬ ያ ደብተር ትዝ አለኝ። ለካ ልጁ ተጠንቅቆ ነበር! በአማርኛ «አምስት አህያ» እንላለን፤ ቍጥሩ ብዛቱን ስለ ነገረን ስሙ በነጠላ ይቆያል። «ሕዝቡ መጣ» እንላለን፤ «ሕዝቡ መጡ» አንልም። ልጁ ዐሥራ ሰባት ጊዜ አልተሳሳተም፤ ሁለት የእናቱን ቋንቋ ሕጎች ዐሥራ ሰባት ጊዜ በታማኝነት ጠብቋል። እኔም አማርኛ ተናጋሪ ሆኜ፥ ሕጉ በአፌ እያለ፥ አላየሁትም። ሁለት ነገር ብነግረው ዐሥራ ሰባቱም ክቦች ይጠፉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ከአምስት መስመር የሚበልጥ ድርሰት ጽፎልኝ አያውቅም። አጭር ከጻፈ ክቡም ያንሳልና። እኔም «ስሕተቱ ቀነሰ» ብዬ ደስ አለኝ። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ። የተወው በእኔ ቀለም ምክንያት ነው አልልም፤ የገጠር ልጅ ትምህርቱን የሚተውበት ምክንያት ብዙ ነው። ነገር ግን ስለ ገበያው ሊነግረኝ የፈለገውን አንድም ነገር አላነበብሁለትም። ዛሬ ብጠየቅ፥ በዚያ ድርሰት ውስጥ አህዮቹ ምን ተጭነው እንደ ነበር አላውቅም።

ምን ይማራሉ?

ለመሆኑ መምህራኑ በዚህ ዓይነት ትምህርት ምን ይማራሉ ቢሉ፥ ዋናዎቹን ላጫውትዎ።

አንደኛው የቋንቋ ጥናት ነው። ዊሊያም ላቦቭ የተባሉት ሊቅ በ1960ዎቹ በዚሁ በሃርለም የወጣቶችን አነጋገር መርምረው በ1972 መጽሐፍ አውጥተዋል። ሰው ሁሉ የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው ይለው የነበረው የጥቍሮች አነጋገር የራሱ የተሟላ ሕግ እንዳለው አሳዩ። ሁለተኛው፥ ሰው ሁለተኛ ቋንቋ የሚለምድበትን መንገድ ማወቅ ነው። በእናት ቋንቋውና በአዲሱ ቋንቋ መካከል እንደ ድልድይ ያለ አነጋገር ይሠራል፤ ድልድዩን ማፍረስ ሳይሆን ማሻገር ያስፈልጋል። ሦስተኛው የፊደል ነገር ነው። ይህን እንኳን እኛ እናውቀዋለን። ጆሮ ሠን ከሰ፥ ሐን ከሀና ከኀ፥ ዐን ከአ አይለይም፤ የሚለየው ዐይን ነው፤ ዐይንም የሚለየው ብዙ ሲያነብ ነው። ስለዚህ በ«ንጉሥ» ላይ እሳቱን ሰ የጻፈ ጸሐፊ ጆሮው ትክክል ነው፤ የጐደለው የንባብ ብዛት ነው። የእንግሊዝኛም አጻጻፍ ከድምፁ ጋራ ስለማይስማማ ተማሪውን የሚያስቸግረው በዚሁ መንገድ ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ትዕግሥት ነው። በዚሁ ኮሌጅ ማሪሊን ስተርንግላስ የተባሉ ፕሮፌሰር ተማሪዎችን ለስድስት ዓመት ያህል እየተከተሉ ጽሕፈታቸውን አጥንተው በ1997 መጽሐፍ አሳትመዋል። ያገኙትም፥ በመጀመሪያው ዓመት ተስፋ የሌላቸው የሚመስሉ ተማሪዎች ጊዜና እርዳታ ካገኙ እንደሚያድጉ ነው። እነዚህ ተማሪዎች እየሠሩ፥ ልጅ እያሳደጉ ስለሚማሩ ጊዜያቸው ከሌላው ይረዝማል እንጂ አይቀርም።

በዚህ ግንብ ውስጥ የጽሕፈት ትምህርት ያስተማሩት የቋንቋ ሊቃውንት ብቻ አልነበሩም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ እነ ኤድሪየን ሪች፥ ኦድሪ ሎርድ፥ ጁን ጆርዳንና ቶኒ ኬድ ባምባራ፥ በኋላ ስማቸው በዓለም የተሰማ ደራስያን፥ ለነዚሁ አዲስ ተማሪዎች ዐረፍተ ነገር አስተምረዋል። ታላቅ ደራሲ ለጀማሪ ነጥብ ማስተማርን አልናቀም።

ሁሉ ነገር አማረ ብዬ ግን አልሸነግልዎም። በ1976 ከተማው በገንዘብ እጦት በተጨነቀ ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ክፍያ የቆየው ትምህርት ክፍያ ተጣለበት። በ1990ዎቹ መጨረሻም የዩኒቨርሲቲው ቦርድ የአራት ዓመት ኮሌጆቹ የማሟያ ትምህርት መስጠት እንዲያቆሙ ወሰነ፤ በጽሕፈት ያልበረቱት ወደ ሁለት ዓመት ኮሌጆች እንዲሄዱ ሆነ። ሾነሲንም የሚነቅፉ መምህራን ከኋላ ተነሥተዋል፤ ስሕተቱን ሲመረምሩ ተማሪው ሊናገር የፈለገውን ሐሳብ በበቂ አላዩም ይሏቸዋል። ክርክሩ መልካም ነው፤ ሙያው ሕያው መሆኑን ያሳያል። ደግሞም የሚነቅፏቸው እርሳቸው በቈፈሩት ጉድጓድ ውኃ ቀድተው ነው።

ቍልቍል ስንወርድ

ትምህርቱ ያለቀው ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ነው። የግንቡ መስኮቶች በርተዋል፤ ከታች የሃርለም መብራት ተዘርግቷል። ያ ወጣት መምህር፥ «ቸኩላ ነው» ያለው፥ ደረጃውን አብሮኝ ወረደ። ቦርሳው ውስጥ ሠላሳ ያልታረመ ወረቀት እንዳለበት ነገረኝ። «ዛሬ ማታ በምን ቀለም ልታርም ነው?» ብዬ ቀለድሁበት። «አላርምም፤ አነባለሁ» አለኝና ወደ ባቡሩ ገባ።

አንባቢዬ፥ በኛ አገር የብራና ጸሐፊዎች ቀይ ቀለም የሚያነሡት የአምላክን፥ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ሲጽፉ ነው። ቀዩ ክብር ያለው ስፍራ መሆኑን ያመለክት ነበር። እኛ ዘመናዊዎቹ መምህራን ወስደን የነውር ምልክት አደረግነው። ቀለሙ ጥፋት የለበትም። ስሕተትም ይታለፍ አልልም፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በትክክል መጻፍ አለበት፥ ልጁም «ፋይቭ ዶንኪስ» ማለትን መማር ነበረበት። ይህን ሳይማር የሚቀር ሰው በር ይዘጋበታል። ነገር ግን የሚያርመው ሰው በመጀመሪያ አንባቢ ይሁን።

ተማሪ ከሆኑ፥ ከመምህርዎ የተመለሰልዎን ወረቀት ይቅደዱ ብዬ አልመክርዎም። ክቦቹን በየወገናቸው ይለዩአቸው፤ ዐሥራ ሰባቱ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሆነው ቢያገኟቸው አይደነቁ። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆኑም ነገ ሹመት ያገኙና ከእርስዎ በታች ያለ ጀማሪ ጸሐፊ ረቂቅ ያመጣልዎታል። ያን ጊዜ ቀለሙን ከማንሣትዎ በፊት ወንበር ስበው ያስቀምጡትና «ይህን ለምን እንዲህ ጻፍኸው?» ብለው ይጠይቁት።

እኔ ያን ልጅ «አምስት አህያ ሲሆኑ ለምን በነጠላ ጻፍሃቸው?» ብዬ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይመልስልኝ ነበር። «መምህር፥ አምስት ብያለሁ እኮ!» ይለኝ ነበር።